ሳልባትዮው ከጋቢና የወጣ ጊዜ

ሰው መኪና ሲገዛ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ ኮፈኑን ያስከፍትና ያልገባውን ነገር አይቶ ራሱን ይነቀንቃል፣ ጎንበስ ብሎ ዘይት ታንጠባጥብ እንደሆነ ያያል። እኔ መኪናዬን የገዛኋት በቀለሟ ነው። ክረምት ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ከጉና ተራራ ራስ በላይ የሚታየውን ሰማያዊ የመሰለች፣ አፍንጫዋ ክብ፣ ዓይኖቿ ትልልቅ፣ በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ ፒክአፕ ነበረች። ቁልፉን ተቀብዬ በኩራት ገብቼ ስቀመጥ ነው ከወንበሩ ጀርባ አንድ ትልቅ የብረት ሳጥን ተገትሮ ያየሁት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት ሻጩን።

«ሳልባትዮው ነዋ! ቤንዚኑ የሚቀመጥበት።»

«እዚህ? ጋቢና ውስጥ? ከሰው ጋር?»

«የድሮ መኪና እኮ ናት፣ ወንድሜ። ድሮ ሰውና ቤንዚን ተስማምቶ ነበር የሚኖረው» አለኝና፣ ሐሳቤን እንዳልቀይር ነው መሰለኝ፣ ፈጠን ፈጠን እያለ ሄደ።

እንግዲህ ያ ሳጥን ይተነፍሳል። ክዳኑ ላላ ያለ ነው፤ በጨርቅ ብጠቀጥቀውም፣ በላስቲክ ባስረውም፣ ትንፋሹን ማንም አይከለክለውም። ከደብረ ታቦር ስትነሱ ምንም የለም። ጥቂት እንደሄዳችሁ አፍንጫችሁን ይበላችኋል። ቀጥሎ ግንባራችሁ ቀለል ይላል። ወደ ገሳይ ከተማ ስትቃረቡ ዓለም ደግ ትሆናለች። በጎቹ ደመና፣ ደመናዎቹ በግ ይሆናሉ። የገብሱ ማሳ እንደተኛ ሰው ከፍ ዝቅ ይላል። ጉና ከሥሩ ተነቅሎ ትንሽ ከፍ ይልና እዚያው ይንሳፈፋል፤ ከሩቅ ደግሞ ማኅሌት የተቆመ ይመስል ጆሯችሁ ውስጥ ዜማ ይገባል። እኔ ይህን ሁሉ የአገሬ ውበት ነው ብዬ ነበር የማምነው። ሌሎች ሾፌሮች ስለዚያ መንገድ ሲያማርሩ ስሰማ አዝንላቸው ነበር፤ ዓይን የላቸውም እላለሁ በልቤ።

ሥራዬ ከጉና ግርጌ ድንች እየጫንኩ ለደብረ ታቦር ገበያ ማድረስ ነበር። መንገዱ ያኔ ገና አስፋልት አልለበሰም፤ ጠጠርና ጉድጓድ ነው። ለእኔ ግን ምንጣፍ ነበር። ገበያ ደርሼ ፈገግ እንዳልኩ እቀመጣለሁ፤ ድንች መጫኔን የሚያስታውሱኝ ገዢዎቹ ናቸው። ጋቢና ተሳፍሮ ከእኔ ጋር የመጣ ሰው አንድም ዶሮውን ረስቶ ይወርዳል፣ አንድም አቅፎ ከሳመኝ በኋላ ወደ መጣበት አቅጣጫ በእግሩ ይመለሳል። አንዲት ባልቴት እንዲያውም ሲወርዱ «ልጀ፣ ገነት ይኸ ከሆነስ ብዙም ሩቅ አይደለ» ብለውኛል። የከተማው ሰው ታዲያ ለመኪናዬ ስም አወጣላት፤ አፍዝ አደንግዝ። ደብተራ ጽፎ የሚሰጠው፣ ባላጋራን አደንዝዞ የሚያስቀረው ክታብ ስም ነው። እኔ እቴ፣ ቅርም አላለኝ። ስም የሚወጣለት መኪና በደብረ ታቦር ስንት አለና!

ይታይሽን የወደድኳት በዚህች መኪና ነው።

ይታይሽ ገሳይ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንቼን ጭኜ ስመለስ መንገድ ዳር ቆማ እጇን አነሳች። ከጉና የሚወርደው ብርድ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ አስከናንቧታል፤ የሚታዩት ዓይኖቿ ብቻ ነበሩ፤ እነሱም በቂዬ ነበሩ። «ደብረ ታቦር ድረስ ታደርሰኛለህ? ለትምህርት ቤቱ ጠመኔ ልቀበል ነው» አለችኝ። «ግቢ!» አልኳት። የጋቢናው በር ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተነሳን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ያን ቀን ሳልባትዮውን ጢም አድርጌ ሞልቼው ነበር። ጭጋጉ ከሁለቱም ወገን ወርዶ መንገዱን ዋጠው፤ መኪናዋ ትዋኝ ጀመር። እኔም አወራሁ። በሕይወቴ እንዲያ አውርቼ አላውቅም። እናቴ የሞተች ዕለት ማልቀስ አቅቶኝ ዕንጨት ስፈልጥ መዋሌን አወራሁላት። ወንደላጤ ቤት ውስጥ ማታ ማታ የጣሪያው ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሰው የመጣ እየመሰለኝ በር እንደምከፍት አወራሁላት። ልጅ ሳለሁ ሰማይ የሚያልቀው ጉና ላይ ይመስለኝ እንደነበርም ነገርኳት። እሷ አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጠችኝም። ሰው ሲናገር እንዲህ አድርጎ የሚሰማ ሰው አይቼ አላውቅም! ብርዱ እንዳይጎዳት ኮቴን አውልቄ ደረብኩላት። የገብስ ቆሎዬን አውጥቼ መሃላችን አስቀመጥኩ፤ አንዲት ፍሬ አልነካችም፤ ጨዋነቷ! ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ወገቧን እንዳያማት የምደገፍባትን ትራስ ሳይቀር ወደሷ ገፋሁላት። ደብረ ታቦር ደርሰን ሞተር አጥፍቼ ዘወር ስል ወርዳ ሄዳለች። ኮቴ ወንበሩ ላይ አለች፣ ቆሎውም እንዳለ ነው። ልቤ እዚያው ቆረጠ። ከእሷ ሌላ አላገባም አልኩ።

ወንደላጤ ሰው እንዲህ ሲል ዘመድ ዓይኑ ይበራል። አጎቴ አያ ፈንታ በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌ አዘጋጀልኝ። አንደኛው ራሱ ነው፤ በትዕግሥቱ የታወቀ ሰው ነው፤ አህያው ስትጠፋበት እንኳ «ትመጣለች» ብሎ የተቀመጠ። ሁለተኛው ሻምበል አዱኛ ናቸው፤ ጦሩ ከተበተነ ወዲህ የሚያዙት ሰው ያጡ ጡረተኛ። ሦስተኛው የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ጥበቡ ናቸው፤ ንግግሩ የሳቸው ነበር። መሪጌታ አፋቸውን ከከፈቱ አባት ቀርቶ ግንብ ልጁን ይድራል ይባልላቸዋል።

የሽምግልናን ነገር መቼም ታውቁታላችሁ። ለጋብቻ የሄደ ሽማግሌ የልጅቷ አባት እሺ ሳይል እህል ውሃ አይቀምስም። ጠጥቶ መሄድማ ነውር ብቻ አይደለም፣ አባትየውን በደጁ መስደብ ነው። ሦስቱም ለዚህ ሲሉ ከማለዳ ጀምሮ ጠብታ ውሃ በአፋቸው አልዞረም። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ጋቢና ውስጥ ከእኔ ጋር ተጠጋግተው ተቀመጡ። ከከተማ ስንወጣ የመስኮቱን መስታወት ትንሽ ዝቅ አደረግኩት።

«ዝጋው!» አለ አያ ፈንታ።

«ትንሽ አየር ይግባ ብዬ ነው…»

«አየር ምን ያረጋል? ነፋስ ነው ሰውን የሚገድል!»

«እውነት ነው» አሉ መሪጌታ ጋቢያቸውን ወደ አፍንጫቸው እየጎተቱ። «ሰው በዚህ ዓይነት ነፋስ አፉ ተጣሞ ቀርቷል፤ እኔ ደግሞ ዛሬ አፌን እፈልገዋለሁ።» ሻምበልም በእሳቸው በኩል ያለውን መስታወት እስከ ጥግ አወጡና በቀረችው ቀዳዳ ሻርፓቸውን ጠቀጠቁባት። በእኛ አገር ሰው መኪና ቢገለበጥበት ዕጣ ፈንታዬ ነው ይላል፤ በመስኮት ነፋስ ቢገባበት ግን ሾፌሩን እስከ ልጅ ልጁ አይምረውም። ስለዚህ ዘጋሁ።

መጀመሪያ ንግግራቸውን ተለማመዱ። ቀጥለው ዝም አሉ። ቀጥሎ ሻምበል የሰልፍ መዝሙር ያንጎራጉሩ ጀመር። አያ ፈንታ በልጅነቱ ስለጠፋችበት ጥጃ እያነሳ እንባው ይፈስሳል።

«ልጀ» አሉኝ መሪጌታ፣ «ይኸ ተራራ ወዴት እየሄደ ነው?»

«የቱ?»

«ጉና ነዋ። ከተነሳን ጀምሮ ይከተለናል። እሱም ሽማግሌ ተልኳል?»

እኔ ለምጄዋለሁና ምንም አልመሰለኝም። እንዲያውም እንዲህ ደስ ካላቸው ነገሩ ይሳካል ብዬ ተጽናናሁ።

የይታይሽ አባት አቶ ዳኘው ከገሳይ በላይ ካለችው ኮረብታ ላይ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ረጅም ናቸው፤ ሲስቁ ያያቸው ሰው የለም። ከጎረቤቶቻቸው ጋር በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። በሩን ስከፍት ሻምበል ቀድመው ወረዱ፣ ወደ ገለባው ክምር ዞረው ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ሰላምታ ሰጡና «ሁሉም ደህና ነው ጌታዬ!» ብለው ሪፖርት አደረጉ። አያ ፈንታ ከመኪናው እንደወረደ አጥሩን ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው። መሪጌታ ግን ቀጥ አሉ። ዘንጋቸውን ተክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ስለ አበባና ስለ ንብ እንዲያ ያለ ንግግር አወረዱ፣ ጎረቤቶቹ አፋቸውን ከፈቱ። ችግሩ የመጣው መጨረሻው ላይ ነው። የልጅቷ ስም ጠፋባቸው። ወዲህ አዩ፣ ወዲያ አዩ፣ በመጨረሻ በደጃፉ ተቀምጠው ጥጥ ወደሚፈትሉት ወደ አቶ ዳኘው እናት ዘንጋቸውን ዘረጉና፣

«…እናም ይህችን እንቡጥ ለልጃችን እንዲሰጡን ነው!» አሉ።

እንዝርቷ ቆመች።

«እስቲ ይታሰብበት» አሉ አሮጊቷ።

አቶ ዳኘው ፊታቸው ጠቆረ። «ከጠጅ ቤት ነው ወደ እኔ ደጅ የመጣችሁት?» አሉ ቀስ ብለው፤ ቀስ ማለታቸው ነበር የሚያስፈራው።

የጉና ነፋስ ፊት ለፊት እየገረፈን ጥቂት ከቆምን በኋላ የሽማግሌዎቹ ነፍስ አንድ በአንድ ወደ ቤቷ ተመለሰች። መሪጌታ የተናገሩትን ሲነግሯቸው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ቅኔ ያስተማሯቸው ደቀ መዛሙርት በስድስት አድባር ሲቀድሱ፣ እሳቸው በገሳይ ኮረብታ ላይ አሮጊት ለጋብቻ ጠየቁ ሊባል! «በቁርባኔ እላለሁ፣ ውሃም አልቀመስን። ይህች መኪና ናት!» አሉ።

«መኪና ሰው ያሰክራል?» አሉ አቶ ዳኘው። ጎረቤቶቹ ሳቁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ጥቂት አሰቡና ፈረዱ። «የነፋስ መውጫው ባለ ወፍጮ ለልጄ ሽማግሌ ልኮ፣ ሰዎቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰኞ ለመልስ ይመጣሉ። ከዚያ በፊት ባለው እሁድ ያችው መኪና፣ እናንተኑ ሦስታችሁን ይዛ ትምጣ። ከውስጧ እንደ ሰው ቀጥ ብላችሁ ከወረዳችሁ አምናችኋለሁ። በበቅሎ ከመጣችሁ ግን ጠጥታችሁ ነበር ማለት ነው።»

ይታይሽን ያየኋት በዚያች ቅጽበት ነው፤ ከጓዳው በር በኩል ብቅ ብላ አየችኝና ተመለሰች። ሳቀች ይሁን አዘነች ማወቅ አልቻልኩም።

በማግስቱ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለው ብየዳ ቤት ሄድኩ። በያጁ ዘመኑ ይባላል። ጋፋት ድሮ ለንጉሡ መድፍ የተሠራበት ስፍራ ነው፤ ዛሬ ማሳና የእግር መንገድ ነው፤ የጋፋት ልጅ ግን እስከ ዛሬ ብረት ሲያይ ደሙ ይሞቃል። ዘመኑማ የምጣድ እጀታ ሲበይድ እንኳ አፈሙዝ የሚያቀልጥ ነው የሚመስለው።

«ቀላል ነው» አለኝ መኪናዋን ዞሮ እያየ። «ሳልባትዮውን ከጋቢና አውጥተን፣ ወደ ኋላ ወስደን ከዕቃ መጫኛው ሥር እናስረዋለን። መያዣ ብረት እበይድለታለሁ። መድፍ ያቀለጠ ዘር ለሳልባትዮ አይሰንፍም! ግን ሽታ ካለው አልነካውም። በዚያ ሽታው ላይ እሳት ባስጠጋ እኔም የለሁም፣ አንተም የለህ፣ ጋፋትም የለ። አጥበህ አምጣልኝ።»

ሳጥኑን እየፈታን ሳለ ነገሩን ሁሉ አጫወትኩት። መፍቻውን አስቀምጦ አየኝ።

«ቆይ ቆይ። ልጅቷን ያየሃት እዚህ ውስጥ ሆነህ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያ የወደድከው ቤንዚኑን እንዳይሆን!» ብሎ ሳቀ፣ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ሳልባትዮው ወጥቶ ባዶውን የቀረውን ጋቢና ሳየው ልቤ ፍርሃት ገባው። በነጋታው ጠዋት በእግሬ ከፍታ ላይ ወጥቼ ጉናን አየሁት። ቁጭ ብሏል። ተራራ ነው። አይንሳፈፍም፣ አይከተልም፣ ዜማ የለው። በጎቹም በግ ናቸው፤ አንዷማ ታነክሳለች። እና ይታይሽስ? ያ ሁሉ መስማት፣ ያ ሁሉ ዝምታ፣ ያ ዓይን፣ እሱም ከሳጥኑ ጋር ተፈትቶ ቢወጣስ? ሌላ ሰው መኪናውን ሲያስጠግን የሚፈራው ለፍሬኑ ነው። እኔ እሁድ ኮረብታው ላይ ቆሜ በንጹሕ አፍንጫ ሳያት ምንም ባይሰማኝ ምን እሆናለሁ እያልኩ ነበር የምፈራው።

ሳልባትዮውን ለማጠብ ወደ አክስቴ ወደ የሻረግ ወሰድኩት። አክስቴ ጠላ ትጠምቃለች፤ ዕቃ በማጠብ በከተማው አቻ የላትም።

«ሽታውን ድራሹን አጥፊልኝ እትዬ» አልኳት።

«ሽታ ማስለቀቅ ለኔ ነው የምትነግረኝ? ሂድ ወዲያ!» አለችኝ።

ሄድኩ። መሄዴ ነው ጥፋቱ፤ ምክንያቱም አክስቴ ዕቃ የምታጥብበት አንድ ሥርዓት ብቻ ነው ያላት፤ የጠላ ጋን የሚታጠብበት። የግራዋ ቅጠል በእቅፍ ሸመጠጠች፣ በሳልባትዮው አፍ አስገባች፣ ጠጠር ጨመረች፣ ውሃ አፈሰሰችበት፣ ወዲያና ወዲህ አንከባለለችው፣ ደፋችው፣ ደገመች፣ ሠለሰች። እስከዚህ ድረስ ዘመኑ ራሱ ቢያያት ይመርቃት ነበር። ጋን ግን በግራዋ ከታሸ በኋላ ምን ይደረጋል? በወይራ ይታጠናል! የወይራ ፍልጥ አጫጫሰች፣ የሳልባትዮውን አፍ እንደ ጋን አፍ ጭሱ ላይ ደፋችው።

እኔ ከደጅ ስገባ «ድው!» ሲል ሰማሁ። ሳልባትዮው እንደ ጥጃ ዘለለ፣ አጥሩን ተሻግሮ የጎረቤት ጎመን ላይ አረፈ። ዶሮ የሚባል ከሰፈሩ ጠፋ። አክስቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች፤ ምንም አልሆነችም፤ ፊቷ ጥላሸት ለብሷል፣ አንደኛው ቅንድቧ የለም።

«አንተ» አለችኝ፣ «ይኸ ጋን ምን ጠጥቶ ነው?»

ዘመኑ ድምፁን ከብየዳ ቤቱ ሰምቶ ሥራ አቁሞ ወጥቶ ነበር አሉ፤ ከአያቶቹ ወዲህ እንዲህ ያለ ድምፅ በአካባቢው አልተሰማም ብሎ ለሳምንት አወራ። እንግዲህ እውነቱን ለመናገር ሽታው ድራሹ ጠፍቷል። ሆዱ ጥቂት ተነፍቶ ነበር፤ ዘመኑ በመዶሻ አስተነፈሰውና ወደ ኋላ፣ ከዕቃ መጫኛው ሥር አሰረው። ያ ሁሉ የግራዋ ቅጠል ወጥቶ እንደሆነ ግን እኔም አልጠየቅኩ፣ አክስቴም አልነገረችኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሳን። ጋቢናው ሰፍቶ፣ ጸጥ ብሎ፣ ባዶ ቤት መስሏል። ሽማግሌዎቹ አሁንም መስኮት አዘጉኝ፤ ጭንቅላታቸው ግን ንጹሕ ነው፤ መከራዬም ከዚያ ጀመረ። ባለፈው ሲዘምሩ ያለፉትን ጉድጓድ አሁን አንድ በአንድ ይቆጥሩት ጀመር። «ቀስ በል!» ይላል አያ ፈንታ። «መሪ እንዲህ ነው የሚያዝ?» ይላሉ ሻምበል። «ልጀ፣ ባለፈውም እንዲህ ነበር የምትነዳው?» አሉ መሪጌታ፤ «ነበር» ስላቸው ሲያማትቡ አየሁ።

ገሳይን አልፈን ወደ አቶ ዳኘው ቤት የሚወስደውን ዳገት ስንጀምር ሞተሩ ሳል ሳል አደረገውና ጠፋ። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ፤ ምንም የለም። ጥቂት ቆይቼ አስነሳሁት፤ ተነሳ። ጥቂት ሄዶ ጠፋ። ምስጢሩን ያወቅነው በኋላ ነው። የግራዋው ቅጠል ከቤንዚኑ ጋር ተስቦ ይመጣና የቱቦውን አፍ ይለጠፍበታል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ቅጠሉ ተንሳፍፎ ይሄዳል፤ ስናስነሳው ተመልሶ ይመጣል። ያን ዕለት ግን የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በእግር ብንሄድ ሰካራሞች ነን፣ መኪናዋ ደግሞ አትሄድም።

«እንገፋለን» አሉ ሻምበል። ዓይናቸው በራ፤ ስንት ዓመት ትእዛዝ ሰጥተው አያውቁምና።

ገፉ። መሪጌታ በየግፊያው «እግዚኦ!» ይላሉ። ሻምበል «አንድ! ሁለት!» ይላሉ። አያ ፈንታ መኪናዋ በቆመች ቁጥር ከጎማው ሥር ድንጋይ ይወሽቃል። እኔ መሪ ይዤ በኀፍረት እቃጠላለሁ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሕዝብ ሁሉ ዳገቱ ላይ ተደርድሮ ያያል። ጎረምሶች ሊያግዙን ሲወርዱ አቶ ዳኘው ከላይ ዱላቸውን አነሱ።

«ተዉአቸው» አሉ። «ይግፉ።»

በራቸው ላይ ደርሰን ስንቆም ሦስቱ ሽማግሌዎች አቧራ ለብሰው፣ ጋቢያቸው ወገባቸው ላይ ታስሮ፣ ላባቸው እየተንጠባጠበ ተሰለፉ። ቀጥ ብለው ነው የቆሙት! አቶ ዳኘው ቀረቡ። የመሪጌታን ጢም ሊነኩ እስኪደርሱ ተጠግተው አሸተቱ፤ ግንባራቸው ተቋጠረ። ወደ ሻምበል ሄዱ፣ አሸተቱ። ወደ አያ ፈንታ ሄዱ።

«ግራዋ» አሉ። «ወይራ። ይኸ የጠላ ጋን ሽታ ነው።»

ባለ ወፍጮው በዓይኔ መጣ፤ ይታይሽ ከዱቄት ከረጢቶች መሃል ቆማ ታየችኝ። ሽማግሌዎቹ ዳገቱን ሙሉ የመኪናዋን ቂጥ አቅፈው፣ ከሳልባትዮው አፍ የሚወጣውን ሲምጉ ነው የመጡት፤ ይህን ግን ማን ያስረዳቸዋል? መሪጌታ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ ዘወር ብለው መኪናዋን አዩአት።

«ጌታው» አሉ፣ «እኛ ጦማችንን ነን። የጠጣችው እሷ ናት። መራመድ አቅቷት ተሸክመናት ስንመጣ በዓይንዎ አይተዋል።»

አቶ ዳኘው መሪጌታን አዩ፣ መኪናዋን አዩ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ የገሳይ ሰው አይቶት የማያውቀውን ሳቅ ሳቁ፤ ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ሴት ልጅ ያለው ሰው ሽማግሌን ደጅ ያስጠናል» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ያመላልሳል። እናንተ ግን ደጅ መጥናቱን ዳገቱ ላይ ጨርሳችሁታል። በኔ በኩል እሺ ነው። ባለ ወፍጮውን እኔ እመልሰዋለሁ። ይታይሽ! ውጪ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ይታይሽ ወጣች። በዚህ ቀን ጭጋግ የለም፣ ሳጥን የለም፣ አፍንጫዬ እንደ ውሃ ንጹሕ ነው። ነጠላዋን ከፊቷ አንስታለች። አገጯ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለች፤ ያን ቀን አላየኋትም ነበር። ጣቶቿ ላይ የጠመኔ ነጭ አለ። አልተንሳፈፈችም፤ መሬት ላይ ነው የቆመችው። ልቤ ግን ዘለለ፤ አክስቴ ጓሮ ያ ሳጥን እንኳ እንዲህ አልዘለለም። ደስታዬን የምይዝበት ቦታ አጣሁ፤ የመኪናዋን በር ይዤ ቆምኩ።

«እኔማ እሺ ብያለሁ» አለች እሷ።

«የኔስ ነገር ምን ላይ ደረሰ?» አሉ አሮጊቷ ከውስጥ።

ተጋባን። ዘመኑም ሳልባትዮውን ከፍቶ ቅጠሉን አወጣልኝ። ከሠርጉ በኋላ ይታይሽን ይዤ ከገሳይ ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ ብርዱ እንደ ወትሮው ከጉና ይወርድ ነበር። ኮቴን አውልቄ ጉልበቷ ላይ ደረብኩላት።

«እንደዚያን ቀን እንዳይበርድሽ» አልኳት።

«እንደ የትኛው ቀን?»

«እንደ መጀመሪያው ቀን ነዋ። አጠገቤ ተቀምጠሽ ስትሰሚኝ።»

ዘወር ብላ አየችኝ።

«እኔ ይህች ጋቢና ውስጥ ስገባ ዛሬ ገና የመጀመሪያዬ ነው» አለች።

ፍሬን ያዝኩ።

«ያን ቀን በሩን ስከፍተው ሽታው ፊቴን መታኝ። መልሼ ዘጋሁትና ኋላ ወጥቼ ድንቹ ላይ ተቀመጥኩ። ስንደርስ ዘልዬ ወርጄ ‹እግዚአብሔር ይስጥልኝ› ብልህ አልሰማኸኝም።»

ጆሮዬ ጋለ። እናቴ፣ ዕንጨቱ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ፣ ያ ሁሉ ሆዴ! «ታዲያ ለማን ነበር ያን ሁሉ ያወራሁት?»

«ለወንበሩ። እኔ ከኋላ፣ በተሰነጠቀው መስታወት ሁሉንም ሰምቼዋለሁ። አይቼዋለሁም። ኮትህን አልብሰኸው፣ ቆሎ አቅርበህለት፣ ጉድጓድ ሲመጣ በትራስ ደግፈኸው፣ ‹በረደሽ ወይ?› እያልክ ስትጠይቀው።»

«ይኸን ሁሉ እያየሽ እንዴት እሺ አልሽ?»

ኮቱን ወደ ላይ ስባ ትከሻዋ ላይ ደረበችው።

«ባዶ ወንበር እንዲህ የሚንከባከብ ሰው፣ ሰው የተቀመጠበት ዕለት እንዴት ሊያደርግ ነው ብዬ ነዋ።»

ማርሽ አስገባሁ። ሳልባትዮው ከኋላ፣ ከዕቃ መጫኛው ሥር ነው፤ ጋቢናው ውስጥ ምንም አይሸትም። እኔ ግን እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ራሴን አዞረኝ።